ካምቻትካ፦ ገና ተሠርቶ ያላለቀ ምድር

ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በአካባቢው አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ25 ገደማ፣ በፔትሮፓቭሎቭስክ-ካምቻትስኪ ከተማ በሚገኝ የካንሰር ሕክምና ማዕከል ቀዶ ሕክምና እየተካሄደ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ካሜራ የቀረጸው ምስል ከሰዓታት በኋላ ዓለምን አዳርሷል። አልጋው ይነቃነቃል፤ መሣሪያው ይንገዳገዳል፤ ክፍሉ በሙሉ ይናወጣል። ሐኪሞቹ ግን በሩን አላዩትም። አልጋውንና በሽተኛውን በእጃቸው ደግፈው፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው መናወጡ እስኪያልፍ ቆሙ። ሲያልፍ የጀመሩትን ጨረሱ፤ በሽተኛውም ተረፈ።

የዚያን ዕለቱ ርዕደ መሬት 8.8 ተለካ። በመሣሪያ መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ ከታዩት እጅግ ኃይለኞቹ ተርታ የሚሰለፍ ነው። የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ከጃፓን እስከ ሃዋይ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ቺሊ ተላለፈ። ከባሕረ ገብ መሬቱ በስተ ደቡብ ባለች ደሴት ላይ የምትገኘው የሴቬሮ-ኩሪልስክ ከተማ ወደቧ በማዕበል ተጥለቀለቀ። በዚያው ቀን ክሊዩቼቭስካያ የተባለው ግዙፍ እሳተ ገሞራ ፍም ሲተፋ ታየ። አራት ቀን ቆይቶ ደግሞ ከ4 መቶ ዓመት በላይ ዝም ብሎ የኖረው የክራሼኒኒኮቭ ተራራ አመዱን ወደ ሰማይ ለቀቀ። ሌላ አገር ቢሆን ይህ ሁሉ የአንድ ትውልድ ታሪክ ይሆን ነበር። በካምቻትካ የአንድ ሳምንት ወሬ ነው።

ስለዚህች ምድር የሚጽፉ ሁሉ “ያልተነካች” ብለው ይጀምራሉ። አባባሉ እንደተፈጠረች ሳትናጋ የቆየች አገር እንድናስብ ያደርጋል። ካምቻትካ ግን በየጊዜው የምትፈርስና የምትሠራ ምድር ናት። ተራራዋ፣ ሐይቋ፣ ደኗ፣ አራዊቷ ሁሉ መፍረስን ለምደው የሚኖሩ ናቸው። ያልለመዱት ነገር ቢኖር ሌላ ዓይነት ጉዳት ነው።

መንገድ የማይደርስበት

ካምቻትካ በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ወደ ደቡብ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግታ የምትገኝ ባሕረ ገብ መሬት ናት። በምዕራብ የኦኾትስክ ባሕር፣ በምሥራቅ ፓስፊክ ውቅያኖስና የቤሪንግ ባሕር ያዋስኗታል። በሰሜን በኩል በጠባብ አንገት ከእስያ ጋር ትያያዛለች፤ ነገር ግን በዚያ አንገት አልፎ ከተቀረው አገር የሚያገናኝ መኪና መንገድም ሐዲድም የለም። ሰው የሚገባው በአውሮፕላን ወይም በመርከብ ነው። ከሞስኮ የተነሳ መንገደኛ ከስምንት ሰዓት በላይ በርሮ፣ ከአገሩ ሳይወጣ፣ ሰዓቱን ዘጠኝ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ሞስኮ ለመኝታ ስትሰናዳ ፔትሮፓቭሎቭስክ ይነጋል።

ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1740 ነው (ከዚህ በኋላ “ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር ወራትና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዴንማርካዊው የባሕር መኮንን ቪቱስ ቤሪንግ ለሩሲያ ዘውድ ወደ አሜሪካ የሚወስደውን የባሕር መንገድ ሲፈልግ አቫቻ በተባለው ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ከረመ፤ ከተማዋም በሁለቱ መርከቦቹ፣ በቅዱስ ጴጥሮስና በቅዱስ ጳውሎስ ተሰየመች። ዛሬ በክልሉ ከ3 መቶ ሺህ ያነሰ ሕዝብ ይኖራል። አብዛኛው የሰፈረው በዚሁ ወሽመጥ ዙሪያ፣ ኮርያክስኪና አቫቺንስኪ የተባሉ ሁለት እሳተ ገሞራዎች ከበላዩ በሚታዩበት ስፍራ ነው።

በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ርቀቱ ላይ አጥር ተጨመረበት። ከከተማዋ ማዶ የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ጣቢያ ስላለ የውጭ አገር ሰው ዝር እንዳይል ተከለከለ፤ የሶቪየት ዜጎች እንኳ የሚገቡት በፈቃድ ነበር። በሩ የተከፈተው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ለዱር አራዊቱ ከተጻፈው ሕግ ይልቅ የወታደሩ ምስጢር የተሻለ ዘበኛ ሆኖላቸው ቆይቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውቅያኖሱ ከምድር በታች ሲገባ

እሳቱ ከየት ይመጣል? መልሱ ከምሥራቃዊው ዳርቻ ወጣ ብሎ ከባሕር በታች ባለው ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስን ወለል የተሸከመው የምድር ቅርፊት ንጣፍ በዓመት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል እየገፋ ከካምቻትካ ሥር ሰርጎ ይገባል። ሲገባ በዐለቱ ውስጥ የታሰረ የባሕር ውሃ ይዞ ይወርዳል። በመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ሙቀትና ጫናው ውሃውን ጨምቆ ያወጣዋል። ውሃ የነካው ትኩስ ዐለት ደግሞ ደረቁ ከሚቀልጥበት ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። የቀለጠው ከዙሪያው ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ የያዘው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይፈነዳል።

የእኛ አፋር እሳት ምንጩ ሌላ ነው። አፋር ላይ ንጣፎች እርስ በርስ ይራራቃሉ፤ በተከፈተው በኩል ቅላጩ ይወጣል። የኤርታሌ ቀይ ሐይቅ ሳይፈነዳ ለዓመታት ሲንተከተክ የኖረው ቅላጩ ቀጭን፣ ጋዙም በቀላሉ የሚያመልጥ ስለሆነ ነው። የካምቻትካው በአመዛኙ ወፍራምና ጋዝ ያመቀ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ወሬው የሚሰማው በአመድ ዓምድ ነው።

ባሕረ ገብ መሬቷ 3 መቶ ያህል እሳተ ገሞራዎች ሲኖሯት ወደ 30 የሚጠጉት ሕያው ናቸው። ዩኔስኮ በ1996 ከፊሎቹን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። አውራው ክሊዩቼቭስካያ 4,750 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከራስ ዳሽን በ2 መቶ ሜትር ያህል ይበልጣል። የሚገርመው ግን ዕድሜው ነው፤ ከ7 ሺህ ዓመት ገደማ አይዘልም። ሰው እርሻ ከጀመረ በኋላ የተወለደ ተራራ ነው ማለት ነው።

ንጣፉ ሁልጊዜ በሰላም አይገባም። ለአሥርተ ዓመታት ተጣብቆ ይቆይና በድንገት ይላቀቃል። በኅዳር 1952 በዚሁ ስፍራ የደረሰው ርዕደ መሬት 9.0 ነበር። ያስነሳው ሱናሚ ሴቬሮ-ኩሪልስክን ጠራርጎ ከ2 ሺህ በላይ ሰው ፈጀ፤ የሶቪየት መንግሥትም ወሬው እንዳይወጣ አፈነው። ከ73 ዓመት በኋላ ማዕበሉ ያንኑ ከተማ ሲመታ ነዋሪው ማስጠንቀቂያ ሰምቶ ከፍታ ላይ ወጥቶ ነበር።

ተራራ ፈርሶ ሲሠራ

ቤዚሚያኒ ከክሊዩቼቭስካያ ጎን ያለ፣ እስከ 1955 ድረስ የሞተ ነው ተብሎ የተተወ ተራራ ነበር። በዚያ ዓመት ጥቅምት ነቃ። ወራት ሲያብጥ ቆይቶ መጋቢት 30 ቀን 1956 አንድ ወገኑ ተንዶ ፍንዳታው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ወጣ። በፊቱ ያገኘውን ደን ሁሉ ገነደሰ። በአቅራቢያው ሰው ስላልነበረ አንድም ነፍስ አልጠፋም። የሶቪየት ባለሙያዎች የጻፉትን ሌላው ዓለም በቅጡ ያስተዋለው በ1980 የአሜሪካው ሴንት ሄለንስ በተመሳሳይ መንገድ ሲፈነዳ ነው። ቤዚሚያኒ ግን በተሰነጠቀው ሆዱ ውስጥ ዐለት እየከመረ ማደጉን አላቆመም። ጉድጓዱን ሊሞላው ተቃርቧል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የቀድሞ ቁመቱን ይይዛል የሚሉ አጥኚዎች አሉ።

ፍል ውሃዎቹም እንዲሁ ናቸው። ሚያዝያ 1941 ታቲያና ኡስቲኖቫ የተባለች ወጣት የጂኦሎጂ ባለሙያ ከአገሬው መንገድ መሪ ከአኒሲፎር ክሩፔኒን ጋር በውሻ ስሌድ ተጉዛ ሹምናያ የተባለውን ወንዝ ትቃኝ ነበር። ደክሟቸው በበረዶው ላይ አረፍ ብለው እህል ሊቀምሱ ሲሉ ከወንዙ ማዶ ካለው ዳገት የፈላ ውሃ ተፈናጥሮ ወደ እነሱ ተተኮሰ፤ እንፋሎት ሸፈናቸው፤ መሬቱ አጉረመረመ። ሲረጋ ኡስቲኖቫ ያየችው በመጽሐፍ የምታውቀው ጋይሰር መሆኑ ገባት። በበጋ ተመልሰው ወደ ገባሩ ወንዝ ሲዘልቁ በአንድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ አገኙ። ሶቪየት ኅብረት ከገባችበት ጦርነት ጋር የተጋጨ ግኝት ነበርና ዓለም በደንብ የሰማው ዘግይቶ ነው።

ጋይሰር የሚሠራው እንደ ጀበና ነው፦ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ። ከሥር ያለው ውሃ ከመቶ ዲግሪ በላይ ቢሞቅም ከላይ ያለው ክብደት ስለሚጫነው አይፈላም። ጥቂቱ ገንፍሎ ጫናው ሲቀል የቀረው በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይተኮሳል። ጉድጓዱ እንደገና እስኪሞላና እስኪሞቅ ዝም ይላል።

ሰኔ 3 ቀን 2007 የሸለቆው ዳገት ተናደ። ጭቃና ቋጥኝ ወንዙን ገድቦ ሐይቅ ሠራ። የሹምናያው የመጀመሪያ ጋይሰር ተቀበረ፤ ሌሎችም ሰጠሙ። ያኔ ዜናው “የጋይሰሮች ሸለቆ አለቀለት” የሚል ነበር። በቀናት ውስጥ ግን ውሃው የተገደበበትን ሰብሮ ቀነሰና ከሰጠሙት አንዳንዶቹ ዳግም መተኮስ ጀመሩ። በ2014 መጀመሪያ ሌላ የጭቃ ጎርፍ መጥቶ መልኩን እንደገና ለወጠው። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ሸለቆ ኡስቲኖቫ ያየችው አይደለም፤ ግን ሕያው ነው።

ከበረዶው ጋር የተስማማ

ፔትሮፓቭሎቭስክ ከምድር ወገብ ያላት ርቀት የአየርላንዷ ደብሊን ካላት እምብዛም አይለይም። ደብሊንን ግን ሞቃት የባሕር ሞገድ ያሞቃታል፤ ካምቻትካን ከቤሪንግ ባሕር የሚወርድ ቀዝቃዛ ሞገድ ይገርፋታል። የከተማዋ የነሐሴ አማካይ ሙቀት 13 ዲግሪ ገደማ ነው። ክረምቷ ግን የሳይቤሪያን ያህል አይጨክንም፤ ጥር በአማካይ ከዜሮ በታች 7 ገደማ ነው። ጭካኔው በብርዱ ሳይሆን በበረዶው ብዛት ነው። ከፓስፊክ የሚመጣው እርጥብ ዐውሎ ነፋስ በምሥራቅ ያለውን የተራራ ሰንሰለት ሲመታ የያዘውን ሁሉ በበረዶ መልክ ያራግፋል። ከተማ ውስጥ መኪና ተቀብሮ፣ የምድር ቤት መስኮት ተሸፍኖ፣ ሰው ከደጁ በአካፋ ቆፍሮ ሲወጣ ማየት ብርቅ አይደለም።

የኦኾትስክ ባሕር ደግሞ ክረምት ክረምት በበረዶ ግግር ይሞላል፤ ግግሩ ሲቀልጥ ምዕራባዊውን ረግረጋማ ዳርቻ ጉም ይውጠዋል። በሁለቱ የተራራ ሰንሰለቶች መካከል ያለው የካምቻትካ ወንዝ ሸለቆ ብቻ ከሁለቱም ባሕር ተከልሏል። በዚያ በጋው ሞቅ፣ ክረምቱ መረር ስለሚል በሌላው ቦታ እምብዛም የሌሉ ረጃጅም የጥድ ዝርያዎች ደን ሠርተው ይታያሉ።

ዕፅዋቱ ለዚህ ሁሉ ብልሃት አላቸው። በተራራው ወገብ የሚበቅለው ድንክ ጥድ ብርዱ ሲጠና በረዶው ሳይጭነው ቀድሞ ቅርንጫፎቹን መሬት ላይ ያስተኛል። ክረምቱን ከበረዶ ሽፋን በታች ተኝቶ ያሳልፍና በረዶው ሲቀልጥ ተስፈንጥሮ ይቆማል። በወንዝ ዳር የሚበቅለው ሼሎማይኒክ የተባለ ቅጠላ ቅጠል ደግሞ በየክረምቱ እስከ ሥሩ ይሞትና በአጭሯ በጋ ሦስት ሜትርና ከዚያ በላይ ይመዘዛል። በሐምሌ ውስጡ የገባ ሰው ሁለት ክንድ የማይርቀውን ድብ አያየውም። ስለዚህ ነዋሪው በዚያ ሲያልፍ እየጮኸ ወይም እየዘፈነ ነው። እባብ ግን አይፈራም፤ በካምቻትካ እባብ የለም።

ባሕሩ ወደ ተራራ ሲወጣ

በደቡብ ጫፍ ያለው የኩሪል ሐይቅ ከ8 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አንድ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ወደ ውስጥ ሲሰጥም የቀረ ጉድጓድ ነው። ጥልቀቱ ከ3 መቶ ሜትር በላይ ነው። ዛሬ ይህ የጥፋት ጉድጓድ በእስያ ትልቁ የቀይ ሳልሞን መራቢያ ነው። ስድስት የፓስፊክ ሳልሞን ዝርያዎች በካምቻትካ ወንዞች ይራባሉ። ዓሣው ከወንዝ ተወልዶ፣ በውቅያኖስ አድጎ፣ ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ተወለደበት ይመለሳል። ጥሎም ይሞታል።

ከሐይቁ የሚወጣው የኦዜርናያ ወንዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር አጥር ተዘርግቷል። አጥሩ ጠባብ በሮች አሉት። የዓሣ ምርምር ሠራተኛው በሩን ከፍቶ ከላይ ይቆማል፤ ቀይ ጀርባ ባለፈ ቁጥር ይቆጥራል። በደህና ዓመት የሚያልፈው በሚሊዮን ነው። ቆጣሪው ከመጠን በታች መግባቱን ካየ በባሕሩ ዳር መረብ የሚጥለው ይታገዳል፤ በቂ ከገባ ይለቀቅለታል። ድቦቹም አጥሩን ያውቁታል። ዓሣው በሩ ሥር ተጨናንቆ ወረፋ ሲይዝ እነሱ ከታች በኩል ይገባሉ።

የካምቻትካ ቡናማ ድብ ከ15 ሺህ በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በዓለም ካሉት ግዙፎቹ ሲሆን የሚያገዝፈውም ዓሣው ነው። ሐምሌ ላይ ሲርበው ሙሉውን ከነአጥንቱ ይበላል። ነሐሴ ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ግን ይመርጣል። ዓሣውን በመዳፉ ተጭኖ ቆዳውን ይገፋል፣ ሆዱን ቀዶ ዕንቁላሉን ይልሳል፣ ጭንቅላቱን ይነክሳል፣ ሥጋውን ጥሎ ወደ ሌላው ይሄዳል። ስብ የሌለው ቁራሽ ለክረምት እንቅልፍ አይጠቅመውማ። የተጣለውን ቀበሮና ቁራ ይካፈሉታል። የቀረው በስብሶ አፈር ይሆናል። በወንዝ ዳር ያሉ ዛፎች የያዙት ናይትሮጅን ሲመረመር ከፊሉ ከውቅያኖስ የመጣ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ዓሣው ባሕሩን ተሸክሞ ተራራ ይወጣል፤ ድቡ አውርዶ ይዘረግፈዋል።

ክረምት ሲገባ ድቡ ይተኛል፤ ተራው የንስሩ ነው። የስቴለር የባሕር ንስር እስከ 9 ኪሎ የሚመዝን፣ ክንፉ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ተኩል የሚደርስ ብርቱ ወፍ ነው። በኩሪል ሐይቅ ሳልሞን እስከ ክረምት አጋማሽ ስለሚራባ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንስሮች እዚያ ይሰበሰባሉ።

ሰውና ድብ በአንድ ዳርቻ ሲኖሩ ሕጉ ጥብቅ ነው። በነሐሴ 1996 ታዋቂው ጃፓናዊ የዱር አራዊት ፎቶ አንሺ ሚቺዮ ሆሺኖ በዚሁ ሐይቅ ዳር በድንኳኑ እንዳለ በድብ ተገድሏል። ዛሬ የጠባቂዎቹ ሰፈር በኤሌክትሪክ አጥር ታጥሯል፤ ምግብ ከውጭ ማስቀመጥም ሆነ ለድብ መወርወር ክልክል ነው።

የሚመለሰውና የማይመለሰው

በ1741 መገባደጃ የቤሪንግ መርከብ ከካምቻትካ በስተ ምሥራቅ ባለች ባዶ ደሴት ላይ ተሰበረች። ቤሪንግ እዚያው ሞተ። ከተረፉት አንዱ ጀርመናዊው ተፈጥሮ አጥኚ ጌኦርግ ስቴለር ነበር። በዳርቻው የባሕር ሣር የሚግጡ፣ ስምንት ሜትር የሚረዝሙ፣ ሰው ሲቀርባቸው የማይሸሹ የባሕር ላሞች አየ፤ ለካቸው፣ ጻፋቸው። ለጸጉር ንግድ በዚያ ያለፉ አዳኞች ሁሉ ሥጋቸውን ስንቅ አደረጉት። በ1768 የመጨረሻዋ ተገደለች ይባላል። ከታወቁ 27 ዓመት ነው።

በዚያው 1768 የገባው የፈንጣጣ ወረርሽኝ የባሕረ ገብ መሬቷን ነባር ሕዝብ፣ ኢቴልመኖችን፣ አመነመነ። ኢቴልመኖቹ የሩሲያ ኮሳኮች በ1697 ከደረሱ ጀምሮ በግብርም በአመፅም ሲደቁ የኖሩ ናቸው። ስቴፓን ክራሼኒኒኮቭ የተባለው ወጣት ሊቅ አኗኗራቸውን አጥንቶ ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1755 ታተመ፤ ከርዕደ መሬቱ በኋላ የፈነዳው ተራራ የተሰየመው በእሱ ስም ነው። ዛሬ ኢቴልመንኛን አፍ መፍቻው አድርጎ የሚናገረው ጥቂት አዛውንት ብቻ ነው።

የተመለሰም አለ። ሴብል የተባለችው፣ በጸጉሯ የተነሳ ልትጠፋ የተቃረበች ትንሽ አዳኝ አውሬ፣ በክሮኖትስኪ አካባቢ በ1882 አደን ስለተከለከለላት ተረፈች፤ ስፍራውም በ1934 ብሔራዊ ጥብቅ ክልል ሆነ። የባሕር ኦተርም በ1911 የዓለም አቀፍ ስምምነት ከአዳኝ መረብ አምልጦ ዘሩን ተክቷል። ሁለቱም የተረፉት ጥቂቶች በቀሩበት ሰዓት ሰው እጁን ስለሰበሰበ ነው።

እሳቱን በተመለከተ ሰው ማድረግ የሚችለው መጠበቅ ነው። የካምቻትካ ባለሙያዎች ክሊዩቺ በተባለችው መንደር የመመልከቻ ጣቢያ ያቋቋሙት በ1935 ነው፤ ከ1993 ጀምሮ ደግሞ በሰሜን ፓስፊክ ለሚያልፉ አውሮፕላኖች በአረንጓዴ፣ በቢጫ፣ በብርቱካናማና በቀይ ምልክት ያስጠነቅቃሉ። አመድ ሞተር ውስጥ ሲገባ ቀልጦ ይጋገራልና። በሚያዝያ 2023 ሺቬሉች የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በክሊዩቺ ደጃፍ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ አመድ ተነጠፈ፤ ሰው ግን ምን እንደወረደበት ያውቅ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የአፋሩ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደርሶ በረራ አሰርዟል። ይህን ያየ ሰው ሩቅ የሚባል እሳተ ገሞራ እንደሌለ ይረዳል፤ የጣቢያና የመሣሪያ ነገርም የቅንጦት ወሬ አይሆንበትም።

ካምቻትካ ከእሳተ ገሞራ የሚያድናት አያስፈልጋትም። ፈንድቶ የጠፋ ተራራ ዐለት ሲከምር፣ የተቀበረ ጋይሰር መውጫ ሲፈልግ፣ የፈነዳ ጉድጓድ የዓሣ መንደር ሲሆን ታይቷል። ሰው ጨርሶ የበላት የባሕር ላም ግን አልተመለሰችም። ዛሬ ሰርቆ አጥማጆች ሳልሞኗን ሆዷን ቀደው ቀዩን ዕንቁላል ለካቪያር ገበያ ወስደው ሥጋውን በወንዝ ዳር ይጥሉታል። ድቡም የሚያደርገው ይህንኑ ይመስላል፤ ልዩነቱ ድብ ሆዱ ሲሞላ መተኛቱ ነው፤ ገበያ አይተኛም። አሁን ያለው ጥያቄ ሳልሞን ከሴብልና ከኦተር ተርታ ይመደባል ወይስ ከባሕር ላሟ የሚል ነው። መልሱን የሚሰጡት በኦዜርናያው አጥር ላይ የሚቆጠረውን ቁጥር እያዩ መረቡ ይጣል ወይም ይነሳ ብለው የሚወስኑ ሰዎች ናቸው።